ስክሪፕቱ ያስገባው ሩል ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ኦፕን ደብሊውአርቲ (የራውተር ስርዓተ ክወና) በተጫነበት ፋየርዎል ላይ ሩል (ምን እንደሚያልፍና ምን እንደሚታገድ የሚወስን ደንብ) የሚጨምር የሼል ስክሪፕት ጻፍኩ። ሳስኬደው ይሠራል፤ ፋየርዎሉ ሪስታርት ሲደረግ ግን ሩሎቹ የሉም። ዊንዶውስ ላይ አስተካክዬ መልሼ ስልከው ደግሞ ፋይሉ እዚያው እያለ «አልተገኘም» ይለኛል። መሣሪያው ያለው ሩቅ ቦታ ነው፤ ተሳስቼ መግቢያዬን ዘግቼ ውጭ እንዳልቀር ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስክሪፕትዎ ሩሉን የሚያስገባው በሥራ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። ያ ሰንጠረዥ ደግሞ ፋየርዎሉ በተነሳ ቁጥር ይጠረግና «ኢቲሲ/ኮንፊግ/ፋየርዎል» ከሚባለው ፋይል እንደ አዲስ ይሠራል። ፋይሉ ውስጥ ያልተጻፈ ሩል አይተርፍም። ስለዚህ ስክሪፕቱ በዩሲአይ (የኮንፊግ ፋይሎችን በሚቀይረው ትእዛዝ) ወደ ፋይሉ ይጻፍ፤ መጨረሻ ላይ ኮሚት (ለውጡን ፋይሉ ላይ ማጽናት)፣ ከዚያ ሪሎድ (ፋየርዎሉ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ ማድረግ)። ኮሚት ከተረሳ ለውጡ ቴምፕ በሚባለው ጊዜያዊ ማውጫ ውስጥ ይቀራል፤ ቴምፕ ያለው ራም ላይ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

አንድ ነገር አደራ፦ የዩሲአይን «አድ» ትእዛዝ አይጠቀሙ። ስክሪፕቱ አሥር ጊዜ ቢሄድ ያው ሩል አሥር ጊዜ ይደረደራል። ለሩሉ ስም ሰጥተው፣ ለምሳሌ «ካሜራ» ብለው፣ በ«ሴት» ይጻፉት፤ ስንት ጊዜ ቢሄድ አንድ ሆኖ ይቆያል።

ከ22.03 ስሪት ወዲህ ፋየርዎሉ የሚሠራው በኤንኤፍቴብልስ (የሊኑክስ ፓኬት ማጣሪያ) ነው። ከሱ በፊት በነበረው በአይፒቴብልስ የተጻፉ የቆዩ መመሪያዎችን ገልብጠው አይለጥፉ። በዩሲአይ የማይገለጽ ሩል ካለዎት «ኢቲሲ/ኤንኤፍቴብልስ.ዲ» ማውጫ ውስጥ በኤንኤፍቲ በሚያልቅ ፋይል ያስቀምጡት፤ በየሪሎዱ ይነበባል።

«አልተገኘም» የተባለው ፋይሉ ሳይሆን አስኬጂው ሼል ነው። ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ሲአር የሚባል ምልክት ይጨምራል፤ በዚህ የተነሳ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው «ቢን/ኤስኤች» ሌላ ስም ይሆናል። ኤዲተርዎ ላይ የመስመር ማብቂያውን ኤልኤፍ (የሊኑክስ ዓይነት) ያድርጉ፣ ወይም መሣሪያው ላይ ሴድ በሚባለው ጽሑፍ ማስተካከያ ትእዛዝ ምልክቱን ያጥፉ። የመጀመሪያው መስመር ባሽ (ሌላ የሼል ዓይነት) የሚል ከሆነም መልእክቱ ያው ነው፤ እዚያ በነባሪነት ያለው ሼል አሽ የሚባለው ስለሆነ ባሽ ለብቻው ካልተጫነ አይገኝም። በአሽ አሬይ (ብዙ እሴት የሚይዝ ዝርዝር) አይሠራም።

ውጭ ላለመቅረት፣ ከመንካትዎ በፊት የኮንፊግ ፋይሉን ሩት ማውጫ (የአስተዳዳሪው የራሱ ማውጫ) ውስጥ ይቅዱ። ኮንፊግ ማውጫው ውስጥ አይተዉት፤ ዩሲአይ ቅጂውን እንደ ሌላ ኮንፊግ ያየዋል። ቀጥሎ ከበስተጀርባ አንድ ሥራ ያስነሱ፦ 300 ሰከንድ ይተኛ፣ ቅጂውን ይመልስ፣ ፋየርዎሉን ሪስታርት ያድርግ። መስመሩ ሲቋረጥ አብሮ እንዳይሞት በሼሉ «ትራፕ» ትእዛዝ የሃፕ ሲግናልን (ግንኙነቱ ሲዘጋ የሚላከውን የማቆሚያ ምልክት) ችላ እንዲል ያዙት። ከዚያ ለውጡን ይጻፉ፣ «ኤፍደብሊው4 ቼክ» በሚለው የፋየርዎሉ ትእዛዝ ይፈትሹ፣ ሪሎድ ያድርጉ።

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ የተከፈተው ኤስኤስኤች (መሣሪያው ውስጥ ከሩቅ የሚገቡበት ግንኙነት) ስላልተቋረጠ ሁሉ ደህና ይመስላል። አስቀድሞ የተመሠረተ ግንኙነት ሩሉ ቢበላሽም ያልፋል። የቆየውን ሳይዘጉ በሌላ መስኮት አዲስ ግንኙነት ይሞክሩ። ከገባልዎት የሚጠብቀውን ሥራ ይግደሉት፤ ካልገባ ምንም ሳይነኩ 5 ደቂቃ ይጠብቁ።

ስክሪፕቱ ሩት ማውጫ ውስጥ ካለ፣ አድራሻውን «ኢቲሲ/ሲስአፕግሬድ.ኮንፍ» ላይ ይጻፉ፤ አለበለዚያ ፈርምዌሩ (የመሣሪያው ስርዓት) ሲታደስ ይጠፋል።