የሞተር ኢንተርኮም፦ ያ ፉጨት ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። እኔና ባለቤቴ በ150 ሲሲ ሞተር ወደ ሻሸመኔና ወደ ወላይታ ሶዶ እንመላለሳለን። መንገድ ላይ እንድንነጋገር ወንድሜ በሽቦ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ኢንተርኮም ከውጭ ላከልኝ። መጀመሪያ ባለሙያ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኘልኝ። ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ግን ሞተሩ ሁለት ቀን ቆሞ ሲውል ባትሪው ሞተ። ከዚያ ከፊት መብራት ሽቦ ላይ ቀጠለልኝ። አሁን ባትሪው ደህና ነው፤ ግን ጆሯችን ላይ ፉጨት አለ፣ ነዳጅ ስሰጠው ፉጨቱም አብሮ ይቀጥናል። በድምፅ ሽቦ ከኢንተርኮሙ ጋር ያያዝኩትን ስልኬን ሞተሩ ላይ ቻርጅ ሳደርግ ደግሞ ይብሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ዕቃህ ጤነኛ ይመስለኛል። ከባትሪ ጋር ሲገናኝ ድምፁ ጥሩ ከነበረ ችግሩ ኤሌክትሪኩ የተወሰደበት ቦታ ነው።

ከባትሪው ልጀምር። ኢንተርኮም ማንም ሳያወራበትም ትንሽ ትንሽ ይበላል። 0.1 አምፒር ብቻ ይበላል ብንል እንኳ በ48 ሰዓት 4.8 አምፒር ሰዓት ይሆናል። የትንሽ ሞተር ባትሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አምፒር ሰዓት አይበልጥም፤ 5 የሆነም ሞልቷል። እና ቢሞት ምን ይገርማል? ከባትሪ መውሰዱ ልክ ነበር። የጎደለው ቁልፍ ሲዘጋ አብሮ የሚጠፋበት መንገድ ነው።

የፊት መብራቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ማታ ሞተሩን ግድግዳ ፊት አቁምና ነዳጅ ስጠው። መብራቱ ከነዳጁ ጋር ቦግ እያለ፣ ስትለቀው የሚፈዝ ከሆነ፣ የሚበራው ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከዲናሞ በሚመጣ ኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ በሚፈስ ኤሌክትሪክ) ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች እንዲህ ነው የተሠሩት። አምፖል ኤሲ ቢያገኝ ግድ የለውም፣ ለዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ለሚፈስ ኤሌክትሪክ) የተሠራ ኢንተርኮም ግን ሊቃጠል ይችላል። ፉጨቱ ነዳጁን እየተከተለ የሚወጣውም ለዚህ ነው። እባክህ ዛሬውኑ ከዚያ ሽቦ ላይ አስነቅለው።

አሁን ወደ ባትሪው ተመለስና ባለ 4 እግር ሪሌ አስገባ፤ ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እግሮቹ ላይ ቁጥር አለ። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሳው ሽቦ በፊውዝ አልፎ 30 ላይ ይገባል። ከ87 ወደ ኢንተርኮሙ ይወጣል። 86 ላይ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ሽቦ ይገናኛል፤ ለምሳሌ ፍሬን ስትይዝ የኋላ ስቶፕ መብራቱን የሚያበራው ስዊች ድረስ የሚመጣው፣ በቴስተር ለክተህ 12 ቮልት ዲሲ መሆኑን አረጋግጠህ። 85 ማሳ ነው፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው። ፊውዙን 2 ወይም 3 አምፒር አድርገው፤ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር እንዳይርቅ። ሽቦው ተፍቆ ሻንሲውን ቢነካ ከፊውዙ በፊት ያለውን ክፍል የሚያድነው ነገር የለም፣ አጠገቡ ደግሞ ነዳጅ አለ። ይህን ነገር ችላ እንዳትል።

የኢንተርኮሙን ማሳ ሻንሲ ላይ ባገኘኸው ብሎን አትሰር። ቀጥ ብለህ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርሰው።

ስልኩን ቻርጅ ስታደርግ ለምን ባሰ? ስልክህ በድምፅ ሽቦው ከኢንተርኮሙ ጋር ተያይዟል፣ በቻርጀሩ ደግሞ ከሞተሩ ጋር። ሁለቱ ማሳቸውን ከተለያየ ቦታ ከወሰዱ በመካከላቸው ትንሽ ልዩነት ይፈጠራልና ያ ልዩነት በድምፅ ሽቦው በኩል ጆሮህ ድረስ ይመጣል። ለማረጋገጥ ሞተሩን አስነሳ፣ ከስልክህ ሙዚቃ ክፈት፣ ከዚያ ቻርጀሩን ንቀል። ፉጨቱ ጭጭ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። የቻርጀሩንም ማሳ እዚያው ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አምጣው። ካልተሻለው ድምፅ ሽቦው ላይ የሚሰካ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ውስጡ ትራንስፎርመር ነው፣ ድምፁን ያሳልፋል፣ ማሳውን ይቆርጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፉጨት ሳይሆን ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከቀረ ከካንዴላው ነው። የኢንተርኮሙን ሽቦ ከኮይሉ (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት ከሚሰጠው ዕቃ) እና ከካንዴላው ሽቦ አርቀው። ካንዴላውንም ፈትተህ ቁጥሩን አንብብ፤ ኤንጂኬ ከሆነ መካከሉ ላይ አር የምትለው የላቲን ፊደል መኖሯን እይ። ሬዚስተር አለው ማለት ነው፣ ጫጫታውን ይቀንሳል።

በነገራችን ላይ፣ በብሉቱዝ የሚሠራ ኢንተርኮም ያላችሁ አንባቢዎች ይህን እንዳለ እንዳትገለብጡት። የእናንተ ቻርጅ የሚያደርገው በ5 ቮልት ነው። ሞተር ሲሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ አለ፤ በቀጥታ ከሰጣችሁት ዕቃው አለቀለት። መሃል ላይ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር የግድ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ኮርቻውን ከመግጠምህ በፊት መሪውን ጥግ እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙር፤ የሚወጠር ሽቦ ካለ አላላው። ወደ ሄልሜቶቹ የሚሄደው ሽቦ ደግሞ ሲጎተት በራሱ የሚለቅ ሶኬት ይኑረው። ባለቤትህ ከኋላ ረስታ ብትወርድ፣ ወይም አያድርገውና ብትወድቁ፣ መላቀቅ ያለበት ሶኬቱ ነው እንጂ አንገቷን መጎተት የለበትም።