ከእንሽላሊቱ በፊት መኖሪያውን እወቁ

ውድ ወጣቶች፣

በተሳቢ እንስሳት ጥናት ረጅም ዘመን ካሳለፍሁ በኋላ፣ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቡ ብዙዎቻችሁ የምታቀርቡልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ መሆኑን አስተውያለሁ፤ የትኛውን የእንሽላሊት ዝርያ ባጠና ይሻለኛል ትሉኛላችሁ። እኔ ግን ጥያቄው ከቦታው ቢጀምር እመርጣለሁ። እስካሁን የታወቁት የእንሽላሊት ዝርያዎች ከ7,000 በላይ ሲሆኑ፣ ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር ይገኛሉ። ይሁን እንጂ የአንድ ዝርያ መኖሪያ በካርታ ላይ ሰፊ ሆኖ ቢቀባም፣ እንስሳው በእውነት የሚኖረው በዚያ ሰፊ ክልል ውስጥ በተበታተኑ የዓለት ስንጥቆች፣ ጉድጓዶች፣ የድንጋይ ሥሮችና የቁጥቋጦ ጥላዎች ነው። ካርታውን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ሙሉ ቀን ዞሮ አንድም እንሽላሊት ሳያይ ሊመለስ ይችላል።

ለዚህ ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። እንሽላሊት የሰውነቱን ሙቀት በአብዛኛው የሚያገኘው ከፀሐይና ከተኛበት ነገር ስለሆነ፣ ውሎው ሁሉ ፀሐይንና ጥላን እያፈራረቀ መጠቀም ነው። በናሚብ በረሃ የአሸዋ ክምር ላይ የሚኖር አንድ ትንሽ እንሽላሊት፣ አሸዋው ሲግል እግሮቹን ሁለት ሁለት እያደረገ በየተራ ያነሳል፤ ግለቱ ሲብስበትም አሸዋው ውስጥ ጠልቆ ይሰወራል። በአውሮፓና በእስያ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከአርክቲክ ክበብ ማዶ ጭምር የሚኖረው ወላድ እንሽላሊት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። የዚያ አገር አፈር እንቁላል ለማስፈልፈል የሚበቃ ሙቀት ስለሌለው፣ እናቲቱ ፅንሶቹን በሆዷ ይዛ እየተዘዋወረች ፀሐይ ታሞቃቸዋለች፤ ልጆቿንም በሕይወት ትወልዳለች።

ይህን የሙቀት ጉዳይ በዋዛ እንዳታልፉት የምለምናችሁ በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በባሪ ሲነርቮ የተመራ ቡድን፣ ቀደም ሲል በሜክሲኮ በ200 ቦታዎች የተመዘገቡ 48 የእንሽላሊት ዝርያዎችን መልሶ ፈልጎ፣ ከእነዚያ ማኅበረሰቦች 12 በመቶ የሚሆኑት ከየቦታቸው መጥፋታቸውን አሳወቀ። በብዙዎቹ ቦታዎች መኖሪያው በዓይን ሲታይ አልተነካም ነበር። ቡድኑ እንዳስረዳው የእንሽላሊቶቹ ችግር ሙቀቱ ወዲያው የሚገድላቸው መሆኑ አልነበረም። በመራቢያው ወቅት ቀኑ ቶሎ እየጋለ ጥላ ውስጥ የሚሸሸጉባቸው ሰዓታት በዙ፤ ወጥተው የሚመገቡባቸው ሰዓታት አነሱ፤ ሴቶቹም ለመራባት የሚበቃ ምግብ አጡ። ስለዚህ መኖሪያ ስትመዘግቡ የቦታውን ስም፣ ከፍታውንና ዕፅዋቱን ብቻ ጽፋችሁ አትነሡ፤ በዚያ ቦታ እንስሳው በቀን ስንት ሰዓት ሊወጣ እንደሚችልም መዝግቡ። የሙቀት መለኪያችሁንም እንስሳው ባለበት ከፍታ ላይ፣ ማለትም በመሬቱ፣ በግንዱ ወይም በስንጥቁ ውስጥ አኑሩት። የአየር ጠባይ ጣቢያዎች የሚሰጧችሁ ቁጥር ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር በሆነ ከፍታ ላይ፣ በጥላ ውስጥ የተለካ ነው፤ እዚያ የሚኖር የመሬት እንሽላሊት ደግሞ የለም።

ሁለተኛው ምክሬ መለኪያችሁን ስለ ማመን ነው። በጋላፓጎስ ደሴቶች የሚኖረው የባሕር ኢጓና ምግቡን ከባሕር የሚለቅም ብቸኛው እንሽላሊት ነው፤ ትልልቆቹ ወደ ቀዝቃዛው ውኃ ጠልቀው አልጌ ይግጣሉ፤ ከዚያም በጥቁሩ ዓለት ላይ ተዘርግተው ይሞቃሉ። ኤል ኒኞ መጥቶ ባሕሩ ሲሞቅ የሚመገቡት አልጌ ይመነምናል። ማርቲን ቪኬልስኪና ኮሪና ቶም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት አዋቂዎቹ ኢጓናዎች ከስተው ብቻ ሳይሆን የሰውነታቸው ርዝመትም እስከ 20 በመቶ አጥሮ መገኘቱን አሳዩ፤ ምግብ ሲመለስ ርዝመታቸውም ተመለሰ። አጥንት ያለው አዋቂ እንስሳ ያጥራል ብሎ የሚጠብቅ ማን አለ? እንዲህ ያለ ቁጥር መዝገብ ላይ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ለኪው ነው። መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ ቁጥሩን መሰረዝ ግን አይገባም። ያንኑ እንስሳ ምልክት አድርጋችሁ ከዓመት ወደ ዓመት ደጋግማችሁ ካልለካችሁት፣ ይህን የመሰለ ነገር ፈጽሞ አይታያችሁም።

ስለ ኮሞዶ ድራጎን እንድጽፍላችሁ የምትጠብቁ ትኖራላችሁ። 3 ሜትር የሚደርሰው ይህ የኢንዶኔዥያ አርጃኖ ድንቅ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን አጥኚ አላጣም፤ የሰው እጅ የጎደለው ትንንሾቹ ዘንድ ነው።

ትንንሾቹን ስታገኙ ግን አንደበታችሁንና ስልካችሁን ጠብቁ። በታንዛኒያ በጥቂት የቆላ ደኖች ብቻ የሚኖር፣ ወንዱ ደማቅ ሰማያዊ የሆነ፣ ጌኮ ከሚባሉት የእንሽላሊት ወገኖች የሆነ ትንሽ እንስሳ አለ። መጠለያው ፓንዳነስ የተባለው ተክል ሲሆን፣ ለቤት እንስሳት ነጋዴዎች የሚያቀርቡ አዳኞች እንስሳውን ለመያዝ ተክሉን ራሱን ይቆርጡ ነበር፤ በዚህም የተያዘው ጌኮ ብቻ ሳይሆን ቀሪዎቹ የሚኖሩበትም ቦታ አብሮ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከዱር የተያዘውን ለንግድ ማስተላለፍ በዓለም አቀፍ ስምምነት ታገደ። ብርቅ ዝርያ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ስታሰራጩ ስልካችሁ ከምስሉ ጋር የሚመዘግበውን የቦታ መጠቆሚያ ቁጥር (ጂፒኤስ) አጥፉ፤ በጥናታችሁም ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ ዝርዝር አታስቀምጡ። ሳይንስ ግልጽ መሆን አለበት የሚለውን መርህ አከብራለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ከመርሁ ይልቅ እንስሳው ይበልጥብኛል።

ከሁሉ የበለጠ እንድታስቡበት የምፈልገው የደቡብ አውስትራሊያው ድንክ ሰማያዊ ምላስ እንሽላሊት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1959 በኋላ የታየ ስላልነበር ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን፣ በ1992 በበራ ከተማ አቅራቢያ ሞቶ በተገኘ እባብ ሆድ ውስጥ አንዱ ተገኘ፤ በዚያው አካባቢም በሕይወት ያሉት ተገኙ። ቀድሞውኑ ሊታይ ያልቻለው የሚኖረው ሸረሪቶች በቆፈሯቸው ጠባብ ጉድጓዶች ውስጥ በመሆኑ ነበር። ራሱ አይቆፍርም፤ ከጉድጓዱ አፍ ሆኖ የሚያልፈውን ነፍሳት ይጠባበቃል። መሬቱ ሲታረስ ጉድጓዶቹ ይፈርሳሉ፤ በአንጻሩ ለብዙ ዘመን በጎች ሲግጡት የኖረ፣ ነገር ግን ማረሻ ነክቶት የማያውቅ የሣር መሬት እንሽላሊቱን አቆይቶታል። ከሩቅ ሲታይ የተራቆተ የሚመስል ግጦሽ መኖሪያ፣ የለማ የሚመስለው ማሳ ደግሞ ባዶ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ድንጋይ ገልብጣችሁ ስትፈልጉ አንሥታችሁ ከነበረበት ቦታ፣ በነበረበት አኳኋን መልሱት የምላችሁም ለዚሁ ነው፤ በድንጋዩና በመሬቱ መካከል ያለው ስንጥቅ ጥቂት ሲሰፋ ብርሃንና ግለት ይገባበታል፤ እንስሳውም ትቶት ይሄዳል።

ተመራማሪዎች ለዚህ እንሽላሊት ሰው ሠራሽ ጉድጓዶች አዘጋጅተው እንደሚገባባቸው አይተዋል፤ ሙቀቱ እየጨመረ ከሄደ ወደ ደቡብ፣ ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ ቢዛወር ይኖር እንደሆነም እየሞከሩ ነው። እንሽላሊቱ በአዲሱ ቦታ ይራባል ወይ ለሚለው መልስ ለማግኘት የሣሩን፣ የነፍሳቱንና የሸረሪቶቹን ሁኔታ ለብዙ ዓመታት መከታተል ያስፈልጋል። ይህ ሥራ አሁን በትምህርት ላይ ላላችሁት የሚቀር ነው፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችሁን ስትመርጡ ከተሳቢ እንስሳት ጎን የሸረሪትና የዕፅዋት ጥናት እንዲሁም ስታቲስቲክስ ጨምሩ።