ከፍሎረንስ እስከ ሲየና በብስክሌት፦ ጥያቄና መልስ ከጋሽ ካቴና ጋር

አዘጋጅ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ በጣሊያን ቱስካኒ ክልል፣ በፍሎረንስና በሲየና መካከል ስላለው የወይን አገር፣ ስለ ኪያንቲ መንገዶች የምትጠይቁትን ጋሽ ካቴና ይመልሱልናል። ለአዲሶቹ፦ ኑሯቸው ፍሎረንስ ነው፣ ሥራቸው ብስክሌት ጥገና ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኮረብታ ላይ ናቸው።

ጋሽ ካቴና፦ እሺ፣ ቡናዬን ይዣለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ኪያንቲ ውስጥ ረጅም ዳገት የለም። አጭርና ክፉ ዳገት ግን ማለቂያ የለውም። ማርሻችሁን ፊት 34፣ ኋላ 34 ጥርስ አስገጥማችሁ ኑ። ወይኑ ደግሞ ለማታ ነው። በሉ ጠይቁ።

የቦሌ ልጅ፦ ጋሼ፣ እኔ እንጦጦን የምወጣ ሰው ነኝ። ካስቴሊና የምትባለው የኪያንቲ ከተማ ከፍታዋ 600 ሜትር እንኳን አይሞላም አሉ። ለኛ ምኗ ነው?

ጋሽ ካቴና፦ ይቺን ጥያቄ እጠብቃት ነበር። ከፍታውስ ልክ ነህ፤ ያንተ ሰፈር ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ትንፋሽ አይቸግርህም። እግርህ ነው የሚቸገረው። እንጦጦን አንዴ ወጥተህ ትወርዳለህ፣ አለቀ። እዚህ ከፍሎረንስ ሲየና በኪያንቲጃና መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስትደማምረው የምትወጣው ከ1,000 ሜትር ያልፋል። ያውም ተቆራርጦ። ግሬቬ ትወርዳለህ፣ ፓንዛኖ ትወጣለህ፣ ደግሞ ትወርዳለህ፣ ካስቴሊና ትወጣለህ። አገሩ ፍሎረንስና ሲየና ለዘመናት የተዋጉበት ድንበር ነው። ስለዚህ ሰዉ ግንቡን ይዞ ጫፍ ላይ ወጣ። ግሬቬና ጋዮሌ የገበያ ከተሞች ስለነበሩ ሸለቆ ውስጥ ቀሩ። ራዳ፣ ካስቴሊና፣ ፓንዛኖ፣ ቮልፓያ ግን ሁሉም አናት ላይ ናቸው። ምሳ ለመብላት እንኳን ዳገት ትወጣለህ። 34 በ34። ሁለተኛ አልናገርም።

ዳዊት ከዲሲ፦ ከባድ ነው?

ጋሽ ካቴና፦ ምኑ?

ዳዊት ከዲሲ፦ መንገዱ።

ጋሽ ካቴና፦ የቱ መንገድ? በምን ብስክሌት? በየትኛው ወር? አስተካክለህ ጠይቀኝ።

ሰላም ከሮም፦ ስለ ነጮቹ መንገዶች ይንገሩን። ስትራዴ ቢያንኬ የሚሏቸው። በተራ የአስፋልት ብስክሌት ይሄድባቸዋል?

ጋሽ ካቴና፦ እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! ይሄዳል። ፒስታ ነው፣ ግን የተጠቀጠቀ፣ ነጭ ጠጠር የለበሰ ፒስታ። የመኪና ጎማ ደጋግሞ የረገጠውን መስመር ተመልከቺ። እሱ ላይ መሬቱ ጠንካራ ነው። መሃሉና ዳሩ ላይ ግን ጠጠሩ ተከምሯል። ከመስመር ወደ መስመር መቀየር ካስፈለገሽ ቀጥ ባለው ቦታ ቀይሪ፣ ኩርባ ላይ ፈጽሞ እንዳትሞክሪው። ዳገት ላይ ከኮርቻ አትነሺ። ከተነሳሽ ክብደትሽ ወደ ፊት ይሄድና የኋላ ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይመጣ ነው፣ ኩርባው ውስጥ ገብቶ አይደለም። መሪውን አትጨብጪው፣ ላላ አድርጊው፤ ብስክሌቱ ራሱ መንገዱን ያገኛል። ጎማ 30 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ይሁን። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ32 ጎማ 4 ባር ግድም አየር ይበቃዋል። 7 ባር ሞልታችሁ መጥታችሁ ጥርሳችን ረገፈ እንዳትሉኝ።

የስትራዴ ቢያንኬ ውድድር በፈረንጆቹ 2007 ተጀመረ፤ አሁን በማርች መጀመሪያ እዚሁ ይካሄዳል። መድረሻው ሲየና፣ ፒያሳ ዴል ካምፖ ነው። በ2024 ስሎቬኒያዊው ፖጋቻር 81 ኪሎ ሜትር ብቻውን ሄዶ አሸነፈ። እናንተ ፖጋቻርን ተዉትና መጨረሻ አካባቢ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ቅመሱ፤ ኮሌ ፒንዙቶና ሌ ቶልፌ። ሌ ቶልፌ 1 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ግን ቁልቁል ይወርድና ወዲያው 18 በመቶ ዳገት ፊት ለፊት ይገተርብሃል። ከታች ሆነህ ስታየው መንገዱ የቆመ ይመስልሃል። ማርሽህን ወደ ታች እየወረድክ ሳለህ ካልቀየርክ ካቴናህ እዚያው ይንገጫገጫል፣ አንተም እዚያው ትወርዳለህ።

ጎሚስታው፦ በ28 ጎማ ስንት ዓመት ሄደንበታል። ይሄ ሁሉ 32፣ 32 የነጋዴ ወሬ ነው።

ጋሽ ካቴና፦ 28 ያስኬዳል። እጅህ ይደነዝዛል እንጂ።

ጎሚስታው፦ የውስጥ ጎማ የሌለውንስ ምን ይላሉ?

ጋሽ ካቴና፦ እኔ እጠቀማለሁ። ግን ትርፍ የውስጥ ጎማ ሳልይዝ አልወጣም። ቀጣይ።

አሮጌ ብረት፦ አጎቴ የተወልኝ የብረት ብስክሌት አለኝ። ሌሮይካ በሚሉት የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ ላይ መግባት እችላለሁ?

ጋሽ ካቴና፦ ከ1987 ወዲህ የተሠራ ካልሆነ ትችላለህ። ማርሽ መቀየሪያው በብረቱ ዘንግ ላይ መሆን አለበት፣ የፍሬኑ ገመድ ከመሪው በላይ የሚታይ፣ ፔዳሉም እግር ማሰሪያ ያለው። በ1997 የተጀመረ ነው። መነሻውም መድረሻውም ጋዮሌ ነው፤ በጥቅምት መጀመሪያ እሁድ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። የጀመሩት ሰዎች ዓላማ ውድድር አልነበረም። ነጮቹ መንገዶች በአስፋልት እየተሸፈኑ ሊያልቁ ሲሉ ለማዳን ነው። ተሳካላቸውም። ረጅሙ መስመር 209 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በምልክት ስለተመራ ማንም በማንኛውም ቀን ይሄድበታል። በበዓሉ ቀን ጎህ ሳይቀድ ወደ ብሮሊዮ ግንብ የሚወጣውን ነጭ ዳገት በመብራት ደርድረው ያበሩታል። ጥዶቹ መሃል የጠጠሩን ድምፅ ብቻ እየሰማህ ትወጣለህ። የድሮ ማርሽ ግን ከባድ ነው። ጉልበትህን አስብ።

የቦሌ ልጅ፦ ኤርትራዊው ብንያም ግርማይም እዚያው ቱስካኒ ነው ያሸነፈው አይደል?

ጎሚስታው፦ የምን ቱስካኒ! የጣሊያኑን ዙር፣ ጂሮውን በ2022 ያሸነፈው ዬዚ ላይ ነው፤ ማርኬ ክልል። ሽልማቱ ላይ የፕሮሴኮ ቡሽ ዓይኑን መታውና በማግሥቱ ወጣ።

ሰላም ከሮም፦ ጂሮውን ሳይሆን አንድ ቀኑን።

ጎሚስታው፦ እሱማ ይታወቃል። ቱር ደ ፍራንስ በ2024 ከፍሎረንስ ሲነሳ ግን ነበረ። ከዚያ ሦስት ቀን አሸንፎ የነጥብ አንደኛውን አረንጓዴ ማሊያ ለበሰ።

የቦሌ ልጅ፦ የኛው ጽጋቡ ግርማይም በ2016 ቱሩን ሄዷል፣ እሱን አትርሱ።

ጎሚስታው፦ ማን ረሳው?

አዘጋጅ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ፣ እባካችሁ።

ትርሲት፦ ጋሼ፣ በመጋቢት ነው የምመጣው፤ ዓቢይ ጾም ላይ ነኝ። ምን በልቼ ነው ዳገት የምወጣው?

ጋሽ ካቴና፦ እህቴ፣ ከምትሄጂባቸው አገሮች ሁሉ ቱስካኒ ይሻልሻል። የድሃ ገበሬ ምግብ ነው፣ አብዛኛው አትክልትና ባቄላ። ሪቦሊታ የሚሉት ወፍራም ሾርባ አለ፤ ነጭ ቦሎቄ፣ ጥቁር ጎመንና የደረቀ ዳቦ አብሮ ተቀቅሎ። ፓፓ አል ፖሞዶሮ ደግሞ ቲማቲምና ዳቦ ነው። ፒቺ የሚባለው ወፍራም ፓስታ በልማዱ ከዱቄትና ከውሃ ብቻ ይሠራል፣ እንቁላል የለውም። ግን ጠይቂ፤ «ሴንጻ ኡዎቫ፣ ሴንጻ ፎርማጆ፣ ሴንጻ ካርኔ» በያቸው፤ ያለ እንቁላል፣ ያለ አይብ፣ ያለ ሥጋ ማለት ነው። አንዳንዱ ቤት ሪቦሊታው ውስጥ ሥጋ ጣል ያደርጋል፣ አይብም ከላይ ይነሰንስብሻል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የቱስካኒ ዳቦ ጨው የለውም። ጭራሽ። ሲያላብሽ የወጣውን ጨው በዳቦ እመልሳለሁ ብለሽ እንዳትሸወጂ። የወይራ ፍሬ ያዢ፣ ወይም ውሃሽ ውስጥ ትንሽ ጨው ጨምሪ።

ዲያቆን፦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰውስ? ሪቦሊታ ከዳገቱ በኋላ ነው እንዴ?

ጎሚስታው፦ ጾሞ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሕመም ነው የሚፈልገው።

ዲያቆን፦ ገበሬው ጾሞ አያርስም እንዴ?

ጋሽ ካቴና፦ ይሄን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። እኔ የማውቀው ወጥ ቤቶቹ በ8 ሰዓት ተኩል ግድም ምድጃ ያጠፋሉ፤ ሱቁም ከ7 እስከ 10 ሰዓት የሚዘጋ ብዙ ነው። በኛ አቆጣጠር። የምትበሉትን ጠዋት ግዙ።

ሮማን ከቦሎኛ፦ ውሃስ ከየት ይቀዳል?

ጋሽ ካቴና፦ ጥሩ ጥያቄ። አብዛኛው መንደር አደባባይ ላይ ቧንቧ አለ። «ኖን ፖታቢሌ» የሚል ካየሽ አትጠጪ። መንደር በሌለበት የመቃብር ቦታ ፈልጊ። በሩ አጠገብ ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አያጣም፤ ጽሑፉን ግን እዚያም አንብቢ።

ትርሲት፦ መቃብር ቤት ገብቶ ውሃ መቅዳት... ይቅር ይበለን።

ጋሽ ካቴና፦ ሙታኑ አይቆጡም። ከሲየና ደቡብ ምሥራቅ ባለው የሸክላ አገር፣ ክሬቴ ሴኔሲ ውስጥ፣ ሞንቴ ሳንቴ ማሪዬ የሚባለው 11.5 ኪሎ ሜትር ነጭ መንገድ ላይ፣ ጥላ የለም፣ ቧንቧም የለም። በሐምሌ በቀትር የገባ ሰው ይጠማል። ሁለት ጠርሙስ ሙሉ ይዛችሁ ግቡ። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ሸክላው እንደ ሊጥ ጎማው ላይ ይለጠፋል፤ ያን ቀን በአስፋልቱ ዙሩ።

ዳዊት ከዲሲ፦ እሺ፣ አስተካክያለሁ። በሚያዝያ፣ በ28 ጎማ፣ ኋላ 28 ጥርስ ማርሽ፣ አስፋልት ብቻ። ከባድ ነው?

ጋሽ ካቴና፦ ማርሹን ቀይር። አየህ፣ ሲጠየቅ ይመለሳል።

የቦሌ ልጅ፦ በየወይን ቤቱ እየቆምን ትንሽ ትንሽ እየቀመስን ብንሄድስ?

ጋሽ ካቴና፦ አልኩ እኮ። ለማታ ነው። ጣሊያን ውስጥ በደም ውስጥ ያለ አልኮል የ0.5 ግራም በሊትር ወሰን ብስክሌት የሚነዳውንም ይይዛል። ፖሊሱን ተወው፣ ከካስቴሊና ሲወረድ ያሉት ኩርባዎች ራሳቸው ይበቃሉ። ስለ ወይኑ ሮማን ትንገርህ፣ እኔ ቢራ ነኝ።

ሮማን ከቦሎኛ፦ እሺ፣ ባጭሩ። ጠርሙሱ ላይ ጥቁር አውራ ዶሮ ካየህ ኪያንቲ ክላሲኮ ነው፣ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ወይን። ወሰኑን በ1716 የቱስካኒው ገዥ ኮሲሞ 3ኛ ዴ ሜዲቺ በአዋጅ አሰመሩት። ብሮሊዮ ግንብ ደግሞ የባሮኑ የቤቲኖ ሪካሶሊ ነበረች፤ የኪያንቲን ቅልቅል በ1872 በደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው። ዶሮዋ የመጣችው ከተረት ነው። ፍሎረንስና ሲየና ድንበር ለመቁረጥ ዶሮ ሲጮህ ከየከተማችን ፈረሰኛ እንልካለን፣ የተገናኙበት ድንበር ይሁን አሉ፤ ፍሎረንሶች ጥቁሩን ዶሮ አስርበውት ሌሊት ጮኸ፣ አገሩን ወሰዱት።

ዲያቆን፦ ጾሞ የቀደመ ዶሮ!

ጎሚስታው፦ ይኸው ጀመረ።

ሰላም ከሮም፦ ጋሼ፣ ስንት ጥርስ ማርሽ ይሻላል አሉ?

ጋሽ ካቴና፦ ወደ ላይ ውጪና አንብቢ።

አሮጌ ብረት፦ ራስ ቁር ግዴታ ነው?

ጋሽ ካቴና፦ በሕግ ለተራ ብስክሌት አይደለም። ሳታደርግ ሱቄ ብትመጣ ግን አልጠግንልህም። ግዴታ የሆነውን ልንገርህ፦ ሲጨልም መብራት፣ ከከተማ ውጭ በሌሊት ደግሞ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ። ከከተማ ውጭ አንድ በአንድ ተከታትሎ መሄድም። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ እያወራችሁ ኩርባ ላይ እንዳትገኙ፤ ትራክተር አለ፣ በመስከረም የወይን ለቀማ ሲደርስ ይበዛል።

ዳዊት ከዲሲ፦ የብስክሌት ኪራይ ስንት ነው?

ጋሽ ካቴና፦ አከራዩን ጠይቅ። ስትጠይቅ የኋላውን ማርሽ ጥርስ አስቆጥር።

ትርሲት፦ የመጨረሻ። ሲየና ከደረስኩ በኋላ ወደ ፍሎረንስ እንዴት ልመለስ? እግሬ አይኖርም መቼም።

ጋሽ ካቴና፦ በባቡር። የክልሉን ባቡር ያዢ፣ የብስክሌት ምልክት ያለበትን ፉርጎ ፈልጊ፤ ለብስክሌቱ ለብቻ ትኬት አለው። በኤምፖሊ በኩል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጣቢያው ከከተማው በታች ስለሆነ ከካምፖ ተነስተሽ የምትሄጂው በአብዛኛው ቁልቁል ነው። የድንጋይ ንጣፉ እርጥብ ከሆነ ወርደሽ ግፊው።