ትንፋሽ መቁጠር ለዲግሪ?

ጥያቄ፦ ልጄ እዚሁ ባሕር ዳር ነርሲንግ ትማራለች። «ምን ተማርሽ?» ስላት አልጋ ማንጠፍና ትንፋሽ መቁጠር ትለኛለች። ለዚህ ዲግሪ ያስፈልጋል?
እናት፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እትዬ፣ ትንፋሽ መቁጠር ቀላል መስሎዎት ነው! እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ የጣና ዓሣ አጥማጅ «አባቴ፣ ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» ብላቸው፣ ውኃ ሊጠልቁ እንደተዘጋጁ በረጅሙ ይስቡ ጀመር። ቁጥሩ ተበላሸ። ዘዴው የልብ ምት የሚቆጥሩ መስሎ የእጅ አንጓ ይዞ፣ ዓይንን ደረት ላይ ጥሎ፣ 60 ሴኮንድ ሙሉ መቁጠር ነው። ለአዋቂ ከ12 እስከ 20 ደህና ነው፤ 30 ከደረሰ ሐኪም ይጠራል። አልጋውም ቢሆን፣ የተጨማደደ አንሶላ ተኝቶ የከረመን ሰው ጀርባ ያቆስላል። የመድኃኒት መጠን ማስላቱም ማዋለዱም ይመጣል። ለመሆኑ የእጅ ሰዓቷ የሴኮንድ ቆጣሪ አለው?