መልስ፦ የሥልጠና ፕሮጀክቱን ከየትኛው ዓለም አቀፍ ግብና ከየትኛው የሀገር ዕቅድ ጋር ላያይዘው?

በአራዳ ክፍለ ከተማ ሥራ ላላገኙ ወጣቶች ላሰቡት የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ ሥልጠና የሚስማማው ከተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች መካከል ስለ ትምህርት በሚናገረው ግብ 4 ሥር ያለው ዒላማ 4.4 ነው። ይህ ዒላማ የቴክኒክና ሙያ ክህሎትን ጨምሮ ለሥራ የሚያበቃ ክህሎት ያላቸው ወጣቶችና ጎልማሶች ቁጥር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. በከፍተኛ ደረጃ እንዲያድግ ይጠይቃል። «ግብ 4» ብለው ብቻ አይለፉት።

ከሀገር በኩል ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቀውን የአሥር ዓመት የልማት ዕቅድ ይጥቀሱ፤ ማብቂያው ከዓለም አቀፉ ጋር ስለሚቀራረብ ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። የድጋፍ ደብዳቤውን ግን አራት ኪሎ ካለው ትምህርት ሚኒስቴር አይጠብቁ፤ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ዛሬ የሚመራው በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲሆን፣ ለእርስዎ የሚቀርበው የከተማው ሥራና ክህሎት ቢሮ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እንዲህ ያሉ የፕሮጀክት ሰነዶችን ሳነብ ደጋግሜ የማየውና ጥሩ ሐሳቦችን ሲያስጥል የሚያሳዝነኝ ነገር፣ የዒላማ 4.4 ዓለም አቀፍ መለኪያ ሳይመረመር እንዳለ መገልበጡ ነው። መለኪያው የሚቆጥረው የኮምፒውተርና የመረጃ ቴክኖሎጂ ክህሎት ያላቸውን ሰዎች ድርሻ በመሆኑ፣ የእርስዎ ሠልጣኞች ሙያቸውን አሳምረው ቢይዙም እንኳ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይታዩም። ስለዚህ ዒላማውን ይዘው መለኪያውን የራስዎ ያድርጉ፦ የሙያ ብቃት ምዘና ያለፉትን፣ እንዲሁም ከሥልጠናው በኋላ ሥራ የያዙትን፣ ሴቶችንና ወንዶችን ለይተው ይቁጠሩ።