እግሬን ምን ነካብኝ?

ባለፈው እሁድ ደሴ ላይ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር በምንኖር ሰዎች ማኅበር ቡና፣ ወሬው ሁሉ እግር ሆነ። አንዷ "ሸበጤ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ቤት ስገባ ነው ያወቅኩት" ብላ አሳቀችን። ሳቁ ግን ቶሎ በረደ። ለካ ግማሹ ሰው የእግር ጣጣ አለበት። አፍ አውጥቶ መናገር የከበደው እንዲጽፍ ወረቀት አደልን። ሙዳይ ውስጥ ሰብስበን፣ እኔ አንድ በአንድ እያወጣሁ መለስኩ። ያልተገኙት "ጻፍልን" ስላሉ ይኸው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከቫይረሱ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። መድኃኒት የጀመርኩት በ1997 ነፃ ሲሆን ነው። ከዚያ ለብዙ ዓመት ክሊኒክ ውስጥ አድኸረንስ ሰፖርተር፣ ማለትም ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ የሚያግዝ፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። የቀረውን ያስተማረኝ የገዛ እግሬ ነው።

ጥያቄ፦ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ደንዝዟል። ማታ ደግሞ ያቃጥለኛል፤ አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አልችልም። አንዱ "ቫይረሱ ነው" ይላል፣ ሌላው "መድኃኒቱ ነው"። ማንን ልመን?

መልስ፦ እኔንም ሁለት ዓመት ያንከራተተኝ ይሄው ነው። አንድ ቦታ "ቫይረሱ ነው፣ ቻለው" አሉኝ። ሌላ ቦታ "ደም ማነስ ነው" ተባልኩ። ዘመድ ደግሞ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሸኝ። በዚህ ሁሉ መሀል ካልሲህን አውልቅ ያለኝ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም አስወለቀችኝ። ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ አደረገች፤ እግሬ ዝም። ሹካ የመሰለ የሚነዝር ብረት አውራ ጣቴ ላይ አስቀመጠች፤ ምንም። ጉልበቴ ላይ ስታደርገው ተሰማኝ። አምስት ደቂቃም አልፈጀባት።

የነርቭ ጉዳት ነበር። ወደ እግር ጣት የሚወርደው ነርቭ ከሁሉም ይረዝማል፤ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ችግር ሲመጣ ቀድሞ የሚጎዳው ጫፉ ነው። ከጣት ይጀምራል፣ ሁለቱንም እግር እኩል ይይዛል፣ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል።

ቫይረሱ ይህን ያደርጋል፤ በተለይ ሲዲ ፎር፣ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቁጥር፣ ወርዶ ለረጅም ጊዜ ከቆየ። መድኃኒትም ያደርጋል። ዋናው ተጠያቂ ስታቩዲን ነበር፤ ዲ ፎር ቲ የምንለው። የዚያን ጊዜ የጀመርን ብዙዎቻችን ውጠነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 አገሮች ቀስ በቀስ እንዲተዉት መከረ። ነፍሴን አትርፎልኛልና አልረግመውም። አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው የቴኖፎቪር፣ የላሚቩዲንና የዶሉቴግራቪር አንድ ክኒን በዚህ አይታማም።

የኔ ግን ሦስት ነገር ተደርቦ ነው። ስታቩዲን አንድ። ያለ ቫይታሚን ቢ ሲክስ የወሰድኩት የቲቢ ክኒን ሁለት። ሦስተኛውን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ አረቄ ነው። ስለዚህ "ቫይረሱ ነው" ሲሏችሁ "ሌላስ ምን አለ?" በሉ። ስኳር ተለክቷል? ቫይታሚን ቢ ትዌልቭስ? ቂጥኝስ ታይቷል? ቂጥኝ ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ አረማመድ ሊያበላሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ መድኃኒቱን ለትንሽ ጊዜ ላቁመው?

መልስ፦ በፍጹም። ቫይረሱ ሲነሳ ነርቭን መልሶ ይጎዳል፣ ከነርቭ የባሰም ያመጣል። መቀየር ካለበት ሐኪሙ ይቀይረው። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ሳይወዱ በግድ ያቋረጡ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው እዚህ ከተማ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የቲቢ መከላከያ ከጀመርኩ ሁለተኛ ወር ይዣለሁ። ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል።

መልስ፦ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ነገ ሂጂ። በየቀኑ የሚዋጠውም ሆነ በሳምንት አንዴ የሚሰጠው አይሶናያዚድ አለበት። እሱ ደግሞ የሰውነትን ቢ ሲክስ ያሟጥጣል። አብሮ ቢ ሲክስ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው "ቫይታሚን ነው" ብሎ ቤት ይተወዋል። ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል።

በሌላ በኩል ደግሞ ከፋርማሲ እየገዙ የቫይታሚን መርፌ በላይ በላዩ የሚወጉ አሉ። ቢ ሲክስ ሲበዛም ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የኔ አልደነዘዘም። እግሬ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ስራመድ ጉልበቶቼ ይጋጫሉ። ሽንቴም ሲመጣ ፋታ አይሰጠኝም። ኤምአርአይ ተነስቼ "ምንም የለም" ተባልኩ።

መልስ፦ ይሄ ከጣት አይደለም የሚጀምረው፤ ከህብለ ሰረሰር ነው። የደነዘዘ እግር ይልፈሰፈሳል፣ ይረሳል። ህብለ ሰረሰር ሲነካ ግን እግር ይገተራል፤ ጉልበት በመዶሻ ሲመታም ከመጠን በላይ ይዘላል። ሽንት መቸኮሉና በወንድ ላይ ስንፈተ ወሲብ አብረው ይመጣሉ። ሰው ያንን ስለሚያፍር አይናገርም፤ ሐኪሙም ግማሹን ታሪክ ብቻ ይሰማል።

ቫይረሱ ብዙ ዓመት ሳይታከም ሲቀር ህብለ ሰረሰሩን ቀስ እያለ ያሳሳዋል። ኤምአርአይ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ "ፎቶው ንጹሕ ነው" ማለት "በሽታ የለብህም" ማለት አይደለም። ነገር ግን እዚያ ላይ ከመቆም በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ።

አንዱ ቢ ትዌልቭ ነው። እጥረቱ ልክ ይህን የመሰለ አካሄድ ያመጣል፣ ደግሞም ይታከማል። ቫይታሚኑ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው። ከፍስክ ቀኑ የጾሙ ቀን የሚበዛበት፣ በፍስኩም ሥጋ የማያገኝ ሰው ይጠርጥር። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ሕመምተኛም እንዲሁ።

ሌላው የጀርባ አጥንት ቲቢ ነው። ጀርባው አንድ ቦታ ላይ ለወራት ያመዋል፣ ማታ ያልበዋል፣ ይከሳል፤ ኋላ እግር ይከዳል። በቲቢ መድኃኒት ይድናል፣ ጊዜ ካልባከነ።

ሦስተኛው የኛው አገር ነገር ነው፤ ጓያ። ወሎዬ ሆኖ "ጓያ ሰበረው" ሲባል ያልሰማ የለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደላንታ ላይ ብዙ ወጣት በዚህ ተጎድቷል። ድርቅ ሌላውን እህል ሲያጠፋ ጓያው ይተርፋል። ሰው እሱኑ ቂጣ፣ ንፍሮ፣ ሽሮ አድርጎ ለወራት ሲመገብ ውስጡ ያለው መርዝ የእግርን ማዘዣ ያበላሻል። እግር ይገተራል፣ ስሜቱ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ አይብስም፣ አይመለስምም። ከገጠር የመጣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ሰው እንዲህ ሲራመድ፣ ካርዱን አይተው "ኤች አይ ቪ ነው" ብለው የሚዘጉት አሉ። ከመታመምህ በፊት በነበረው ክረምት ምን ትበላ ነበር? ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ለነገ የማይባለው የትኛው ነው?

መልስ፦ ፍጥነቱን እዩ። በዓመታት የመጣ ቀጠሮ ይጠብቃል። በቀናት የመጣ አይጠብቅም። ትናንት ገበያ የወረደ ሰው ዛሬ ከአልጋ መነሳት ካቃተው፣ ሽንቱ ከታገደ፣ መቀመጫው ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ባጃጅ ጥሩለት። ሲዲ ፎሩ ከ50 በታች የወረደ ሰው ላይ ሲኤምቪ የሚባል ቫይረስ የእግርን የነርቭ ሥሮች በጥቂት ቀን ይጥላል። አንድ ጎን ብቻ ከከዳ፣ ራስ ምታትና ትኩሳት ካለበት፣ ነገሩ ከጭንቅላት ነው፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ይሆናል። ያንን ባክትሪም የሚባለው ክኒን ይከላከላል፤ ካልተባላችሁ አታቋርጡት።

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ ደህና ነኝ። ከዱካ ስነሳ ግን እጄን ካልተደገፍኩ አልችልም፤ የሰፈሬ ዳገት አቃተኝ።

መልስ፦ ደሴ መቼም ዳገት ብቻ ናት። ይሄ የጭን ጡንቻ ነው። ዚዶቩዲን የሚባለውን የቫይረሱን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ንገራቸው፤ ጡንቻ ሊያደክም ይችላል። ቴኖፎቪር ደግሞ አልፎ አልፎ ኩላሊት ለአጥንት የሚያስፈልገውን ፎስፌት እንዲያፈስ ያደርጋል። ያኔ አጥንት ይለሰልሳል፣ ዳሌና እግር ያማል። በደምና በሽንት ምርመራ ይታወቃል። ሕመሙ ብሽሽት ላይ ሆኖ ሲረገጥ የሚብስ ከሆነ ግን ዳሌን በራጅ አሳይ። የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል፤ ከቫይረሱ ጋር በምንኖር ላይ ከሌላው ሰው ይበዛል።

ጥያቄ፦ ቫይራል ሎዴ፣ ደሜ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ "አይታይም" ተብያለሁ። እግሬስ ለምን አልተሻለውም?

መልስ፦ እሳቱ ጠፍቷል፤ የተቃጠለው ግን ወዲያው አይበቅልም። ነርቭ ቢያድግ እንኳ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኔ ማቃጠሉ ተወኝ፣ መደንዘዙ ግን እስከዛሬ አልለቀቀኝም። በዚያ ላይ አርጅተናል እኮ! ስኳሩ፣ ወገቡ፣ ጉልበቱ እንደማንኛውም ሽማግሌ ይመጣብናል።

ጥያቄ፦ ለማቃጠሉ ዲክሎፍናክ የሚባል ማስታገሻ እየገዛሁ ነው።

መልስ፦ ለነርቭ ሕመም አይረዳም። ከቴኖፎቪር ጋር ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ተዪው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ማታ የሚዋጥ አሚትሪፕቲሊን ያዛሉ። ለኛ ዓይነቱ ሕመም በጥናት ሲመዘን ከማስመሰያ ክኒን አልበለጠም፤ እኔን ግን ቢያንስ አስተኝቶኛል። ጋባፔንቲንም አለ። ካርባማዜፒን የሚያዝልሽ ካለ "ዶሉቴግራቪር እወስዳለሁ" በይ፤ የዶሉቴግራቪርን መጠን ደም ውስጥ ያወርደዋል። ሜትፎርሚን የምትወስዱም ንገሩ፤ ከዶሉቴግራቪር ጋር በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም ባይበልጥ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ሙቅ ውሃ በጨው እነክራለሁ። ክፋት አለው?

መልስ፦ ውሃውን በክርንሽ ሞክሪ፣ በእግርሽ አይደለም። የደነዘዘ እግር እየተቀቀለም አይነግርሽም። በክረምት የጦሳ ተራራ ብርድ ሲመጣ እግሩን ከሰል ምድጃ አጠገብ ዘርግቶ እንቅልፍ የወሰደው ሰው አውቃለሁ። የነቃው የቃጠሎው ሽታ ቀስቅሶት ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ቦታ ብቻ ነው የደነዘዘኝ። ቆዳውም ነጣ ብሏል።

መልስ፦ ይሄ የኛ ዓይነት አይመስልም። ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ ግን አትፍራ፣ ይድናል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዚህ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ቅርብህ ነው፣ ሂድ።

ጥያቄ፦ ለመስከረም 21 ግሸን መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ ማርያም ትርዳሽ፣ ሂጂ። ግን በባዶ እግር አይሆንም። ስለት ከሆነ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ጫማ ስታጠልቂ ውስጡን በእጅሽ ዳብሺ፤ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሥጋሽን ቢበላው አታውቂም። ማታ ውስጥ እግርሽን በመስታወት እዪ፣ ወይ ልጅሽ ትይልሽ። በጨለማ አትራመጂ፤ እኛ የምንቆመው በዓይናችን ነው። ካላመንሽ ግድግዳ አጠገብ ሆነሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ቁሚ።

የመጨረሻው ወረቀት ላይ ጥያቄ አልነበረም። "ከዘራ መያዝ ያሳፍረኛል፤ 'ለየላት' ይሉኛል" ነው የሚለው። ጽሕፈቱን አወቅኩት፤ ከኮምቦልቻ የምትመጣው፣ ሸበጧን መንገድ ላይ የጣለችው ናት። እኔም ሦስት ዓመት አፍሬ ሁለቴ ወድቄያለሁ፤ በሁለተኛው እጄ ተሰብሯል። ይህን ስነግራቸው እሷን ሳላይ ነው።

በነጋታው ሰኞ ነበር። እህቷ ቤት አድራ ስለነበር ሰኞ ገበያ አብረን ወረድን። ሻጩ "የእማማ ነው የአባባ?" ሲላት "የኔ!" ብላ ተቆጣችው። ጫማዋን አድርጋ፣ እጇን ወደ ታች ለቃ አስቆምኳት። የከዘራው አናት እጅ አንጓዋ ላይ መድረስ አለበት። አራት ጣት ረዘመ። ሻጩ መጋዙን እስኪያመጣ፣ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ አሳየኋት፤ በደካማው እግር ተቃራኒ ነው። እሷ ግን ቀልቧ ሌላ ጋ ነበር። "ያ ጥቁሩ አይሻልም?" አለችኝ።