የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አባቴ በሕልሜ ለምን ዝም ይለኛል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በዱባይ በቤት ሠራተኝነት የምተዳደር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነኝ። ባለፈው ዓመት አባቴ ደብረ ብርሃን ላይ ሲያርፍ መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው፤ ፈቃድ ስላላገኘሁ ለቀብሩ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ በሕልሜ ደጋግሜ አየዋለሁ። ዝናብ እየመታው በግቢያችን በር ላይ ይቆማል፤ ስጠራው ቀና ብሎ ያየኛል እንጂ አይመልስልኝም። አክስቴ «ተዝካሩ ጎድሎበት ነው» ትላለች፤ እዚህ ያለች ጓደኛዬ ደግሞ «ሙት ዝም ካለሽ ሌላ ሞት አለ» ብላ አስፈራራችኝ። ልቤ እንዲረጋ ብዬ ማታ ማታ ትንፋሼን እያዳመጥኩ በጸጥታ መቀመጥ፣ ሜዲቴሽን የሚሉትን፣ ጀምሬ ነበር። መጀመሪያ ዕረፍት ሰጠኝ፤ አሁን ግን ዓይኔን ስጨፍን እንባዬ ይቀድመኛል። ሕልሙ መልእክት አለው? መቀመጡን ልተወው? ከእምነቴስ ጋር ይጋጫል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የአባትዎንም ነፍስ ይማር። ከሁሉ አስቀድመው ሌላ ሞት ይመጣል የሚለውን ፍርሃት ከልብዎ ያውጡት። ጥርስ ከወለቀ ዘመድ ይሞታል፣ ጥሬ ሥጋ ከታየ ሕመም ይመጣል እየተባለ የሚሰጠው ፍቺ ለማንም ሰው አንድ ዓይነት ነው፤ በዝናብ የቆሙት አባት ግን የእርስዎ አባት ናቸው። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው ብሂላችንም ፍቺው ብዙ ጊዜ የፈቺውን ልብ እንደሚያሳይ የተረዱ ሰዎች የተናገሩት ይመስለኛል። ተዝካሩን በተመለከተ የጎደለ ነገር ካለ ቤተሰብዎ ከንስሓ አባታቸው ጋር ተመካክረው ይፈጽሙት፤ ይሁን እንጂ ተዝካር ለሟች ነፍስ የሚደረግ መታሰቢያ እንጂ ሕልም ማስቆሚያ ስላልሆነ ሁለቱን ባያያይዟቸው እመርጣለሁ።

እኔ ልጠይቅዎት የምፈልገው አባትዎን በሩ ላይ ሲያዩዋቸው ምን እንደተሰማዎት ነው። በአገራችን ወግ መርዶ የሚነገረው ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው፤ ከዚያም ልቅሶው፣ ድንኳኑ፣ የእድሩ ሰው፣ አብሮ የሚያመሽ ጎረቤት ይከተላል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር ሁሉም ነገር የተሰናዳ ነው። እርስዎ ግን ስልኩን ዘግተው በዚያው ቀን ወደ ሥራዎ ሳይመለሱ አልቀሩም። ቀን ቦታ ያላገኘ ሐዘን ሌሊት ቢመጣ የሚያስደንቅ አይደለም።

ስለ ሕልም የሚደረገው ሳይንሳዊ ምርምር አዲስ ምዕራፍ የከፈተው በ1953 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን፣ የተኛ ሰው ዓይን በሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል በገለጹ ጊዜ ነው። ይህ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ወደ ንጋት እየረዘመ ስለሚሄድም ብዙዎቻችን ሕልማችንን ይዘን የምንነቃው ንጋት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የስሜትና የትዝታ የአንጎል ክፍሎች በርትተው ይሠራሉ፤ በድንጋጤ ጊዜ የሚበዛው ኖርአድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ግን በአንጎል ውስጥ እጅግ ይቀንሳል። ከዚህ በመነሣት አንዳንድ ተመራማሪዎች፣ አንጎል የሚያሳምም ትዝታን ያለ ድንጋጤው እንደገና በማየት ሕመሙን ያለዝባል የሚል መላምት አቅርበዋል፤ መላምቱ ግን አሁንም የሚያከራክር ነው። ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው የሕልም ተመራማሪዋ የሮዛሊንድ ካርትራይት ሥራ ይመስለኛል። ካርትራይት በትዳር ፍቺ ምክንያት በድብርት የተያዙ ሰዎችን ሲከታተሉ፣ የቀድሞ የትዳር ጓደኛቸውን በሕልማቸው ያዩ የነበሩት ከአንድ ዓመት በኋላ ይበልጥ አገግመው ተገኝተዋል። ፍቺ ሞት ባይሆንም፣ ያጡትን ሰው በሕልም ማየት በራሱ የበሽታ ምልክት እንዳልሆነ ያሳያል።

ስለዚህ ሲነቁ ወዲያው አይነሡ። ያዩትንና በተለይ የተሰማዎትን በጥቂት ቃላት ይጻፉ፤ ናፍቆት ከሆነ ናፍቆት፣ «አልደረስኩልህም» የሚል ጸጸት ከሆነም እንዲሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ስሜትን በስሙ መጥራት ብቻውን አሚግዳላ የተባለውን የፍርሃትና የስጋት የአንጎል ክፍል ምላሽ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በጸጥታ መቀመጡንም አይተዉት። እንባው የመጣው የሚያባክንዎት ሥራ ጋብ ስላለ ነው። ሲበረታብዎት ግን መታገል አያስፈልግም፤ ዓይንዎን ገልጠው፣ እግርዎን መሬት ላይ አሳርፈው፣ በክፍሉ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ለዚያ ምሽትም ይብቃዎት።

እምነትዎን በተመለከተ፣ በየስልኩ የሚሰጠው የሜዲቴሽን ትምህርት አብዛኛው ሥሩ ከቡድሃ እምነት ነው፤ ጆን ካባት ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ያለ ሃይማኖታዊ ይዘቱ ለሕሙማን አቀረበው። ትንፋሽን ማዳመጥ ብቻውን አምልኮ አይደለም። የሚያሳስብዎት ከሆነ ግን የራስዎ ቤት ባዶ አይደለም፤ አርምሞ፣ ጽሞናና ሱባኤ ከጥንት ጀምሮ በገዳማቱ አሉ፤ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅም ስለ ጸጥታ ደጋግሞ ያስተምራል። አበው ሕልምን በጥንቃቄ እንደሚያዩም አይርሱ፤ የዮሴፍን ሕልም የሚተርኩት ቅዱሳት መጻሕፍት በሲራክ አንደበት፣ ሕልምን የሚከተል ሰው ጥላን እንደሚጨብጥ ነው ይላሉ። በመንፈሳዊ ሕይወት ማደግዎ የሚለካው ባዩት ራእይ ስላልሆነ፣ ለሕልሙ ከሚገባው በላይ ክብር አይስጡት። ጸሎቱን እንዴት እንደሚያዘጋጁት የንስሓ አባትዎን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ ሙስሊም ነኝ። ከአደጋ ከተረፍኩ በኋላ ያንኑ ግጭት በሕልሜ እያየሁ እቃዣለሁ። ሰዎች ሜዲቴሽን ሞክር ይሉኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን አላህ አተረፈዎት። የእርስዎ ሁኔታ ከላይኛው ይለያል፤ ሳይለወጥ የሚደጋገም የአደጋ ቅዠት ስሜቱን ከማቅለል ይልቅ ሰውየውን በየሌሊቱ እንደ አዲስ ያስደነግጠዋል። ዓይንን ጨፍኖ ለብቻ መቀመጥም የአደጋውን ትዝታ ይበልጥ ሊያመጣብዎት ስለሚችል በዚያ አይጀምሩ። የተሻለ ማስረጃ ያለው ዘዴ፣ ቅዠቱን በቀን ብርሃን መጻፍና ፍጻሜውን እንደፈለጉት ለውጠው፣ ለምሳሌ መኪናው ዳር ይዞ ቆሞ እርስዎ በሰላም ሲወርዱ፣ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች በምናብ መለማመድ ነው። ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ከጾታዊ ጥቃት በተረፉ ሴቶች ላይ ባደረጉት ጥናት ዘዴው ቅዠቱን በእጅጉ ቀንሷል። ክፉ ሕልምን ለሰው እንዳይነግሩ፣ ከሸይጣንም በአላህ እንዲጠበቁ የሚያዘውን ሐዲስ ያውቁታል፤ ይህ ልምምድ ለብቻ ስለሚደረግ ከዚያ ጋር አይጋጭም።

ቅዠቱ ከወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ቀን በመሪ ላይ ሳሉ ግጭቱ ድቅን የሚልብዎት ከሆነ፣ በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በሚቀርብዎ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታዩ። እስከዚያው ጫቱን ይተዉት፤ እንቅልፍን ያዘገያል፣ ያሳጥራልም። ሲቃዡ ካደሩ በማግስቱ ለረዳትዎ ወይም ለባለ ንብረቱ ነግረው መሪ ከመያዝ ይቆጠቡ።